አሥራ አንድ የቀረው ፊልም

ቤቴ ውስጥ አብራኝ የምትኖረው ሴት ከቀበሌ መታወቂያ ላይ ተነስታ ግድግዳ ላይ የተሰቀለች ናት። ጫልቱ ትባላለች፤ ባለቤቴ ነበረች። ከሞተች ሁለት ዓመት ከጥቂት ወር ሆናት። ለቅሶው ላይ ፎቶዋ የት አለ ተባለና ቤቱን ገለበጥነው። የእኔ ፎቶ እዚህም እዚያም ይገኛል፤ የእሷ ግን አንድም የለም። ካሜራውን የምትይዘው እሷ ነበረቻ። በኋላ ዘመዶቿ ከመታወቂያዋ ላይ ያችን ጥፍር የምታህል ምስል ወስደው ፎቶ ቤት አስተለቋት፤ አስተለቋትና የመስኮት ያህል ሆና መጣች።

መታወቂያ ሲያነሷት አትንቀሳቀሺ ብለዋት ይሆናል፣ ብቻ ፊቷ እንደተቆጣ ቀርቷል። ጭቃ የያዘ ጫማዬን ይዤ ስገባ ታየኛለች። ሽንኩርት ሳሳርር ታየኛለች። አንድ ሰሞን ፊቷን ወደ ግድግዳው ላዞረው አስቤ ነበር፤ ከዚያ ይሄንንም ታየዋለች ብዬ ተውኩት። ጫልቱ ቁጡ አልነበረችም ብዬ አልዋሽም። ግን በተቆጣች ማግስት፣ አንዳንዴም በተቆጣች ደቂቃ፣ ትስቅ ነበር። የግድግዳዋ ሴት ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብቄያት አንድ ቀን አልሳቀችም።

ስለ ራሴም ትንሽ ልንገራችሁ። የውሃ ቆጣሪ ሳነብ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ነቀምት ውስጥ እኔ ያልገባሁበት ግቢ ጥቂት ነው። ታዲያ የገባሁት እስከ ቆጣሪው ድረስ ብቻ ነው። ጎንበስ ብዬ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ውሻው እየሸኘኝ እወጣለሁ። የከተማውን ውሾች በመልክ አውቃቸዋለሁ፤ ከባለቤቶቻቸው ጋር ግን ከሰላምታ አላለፍንም። ስሜን የሚያውቅ ሰው የለም ብል ማጋነን አይሆንም። ሁሉም «ቆጣሪ» ነው የሚለኝ። ስሜን የምትጠራው ጫልቱ ነበረች። አሁን ልጄ አለች፤ እሷ አዲስ አበባ ነው የምትኖረው፣ እሑድ እሑድ ትደውላለች። በላህ ትለኛለች፣ በላሁ እላታለሁ፣ እኔም በላሽ እላታለሁ። ከዚያ ሁለታችንም የምንለው እናጣና ኔትወርኩን እናማለን።

በዚህ ክረምት ዝናቡ ለቀናት ሳያቋርጥ ወረደና ወፍራሙን ብርድ ልብስ ፍለጋ የጫልቱን ሳጥን ከፈትኩ። ብርድ ልብሱ ሥር፣ በሻሿ ተጠቅልሎ፣ ካሜራዋ ተቀምጧል። ትንሽ ጥቁር ካሜራ ነው፤ እንደዛሬው ስልክ ሳይሆን ፊልም የሚጎርሰው ዓይነት። ጀርባው ላይ ባለችው ጠባብ መስኮት የፊልሙ ቢጫ ልባስ ይታያል። ከላይ ደግሞ በትንሿ የቁጥር መስኮት ሃያ አምስት ይላል።

ቁጥር ማንበብ ሥራዬ ነው። ሃያ አምስት ማለት ሃያ አምስት ፎቶ ተነስቷል ማለት ነው። ፊልሙ ባለ ሠላሳ ስድስት ነው። አሥራ አንድ ይቀራል።

ፊልሙ የተገዛበትን ቀን አስታውሳለሁ። የእህቷ ልጅ ጊምቢ ሊያገባ ነው፤ ልንሄድ ስንነሳ ፎቶ ቤት ጎራ አልን። ባለሱቁ ከመሳቢያው ሥር አንዲት ፊልም አወጣና ይቺ የመጨረሻዋ ናት አለን። ፋብሪካው ይሄን ዓይነቱን የቀለም ፊልም መሥራት አቁሟል፣ ከእንግዲህ አይመጣም። እኔ እንግዲያው ይቅርብን፣ ያረጀ ዕቃ ነው አልኩ። ጫልቱ ግን ሰውዬው ሐሳቡን የሚለውጥ ይመስል ቀማችው። ጊምቢ ደርሰን ተመለስን። ከተመለስን በኋላ ፊልሙ ይለቅና ይታጠባል ስንል ሳያልቅ፣ ስልኮቹ መጡ፣ ፎቶ ቤቶቹ ማጠቢያ ማሽናቸውን አወጡ፣ እኛም ረሳነው። አሥራ አምስት ዓመት አይሆንም ብላችሁ ነው?

ሳጥኑ ላይ እንደተቀመጥኩ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በዚያ ጉዞ፣ ዴዴሳን ተሻግረን መኪናው ጎማ ሲቀይር፣ ካሜራውን ከእጇ ወስጄ አንድ ፎቶ አንስቻታለሁ። አንድ። በሕይወቴ ካነሳሁት ፎቶ የማስታውሰው እሱን ነው። እየሳቀች ነበር፤ ጥርሷ በሙሉ ይታይ ነበር። በዚህ እምላለሁ አልኩ ለራሴ። ያቺ ፎቶ እዚህች ጥቁር ዕቃ ውስጥ፣ ጨለማ ውስጥ፣ ተጠቅልላ ተቀምጣለች ማለት ነው።

በማግስቱ ዝናቡ ጋብ ሲል ወደ ፎቶ ቤት ወረድኩ። አንዲት ወጣት ሴት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣለች። ፊልም ላሳጥብ ነበር የመጣሁት አልኳት። የምን ፊልም ነው፣ የአማርኛ ነው የኦሮምኛ አለችኝ። የጊምቢ ነው አልኳት፤ ምን ላድርግ፣ ግራ ሲገባኝ እውነቱን ነው የምናገረው። ፍላሽ ላይ ጭነው ያምጡት አለች። ካሜራውን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥላት የወደቀች ወፍ የሰጠኋት ይመስል በሁለት ጣቷ አነሳችው። ማብሪያው የት ነው ብላ አገላበጠችው፤ ልትከፍተው ስትል እጄ ከእኔ ቀድሞ ነጠቃት። ብርሃን ከገባበት አለቀልኝ።

ክፉ ሰው አልነበረችም። ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ፦ ነቀምት ላይ ይሄን የሚያጥብ የለም፤ ግን አኖ ላይ ኦቦ ተሾመ የሚባሉ የጥንት ፎቶ አንሺ አሉ፣ አባቴ ሥራውን የተማረው ከእሳቸው ነው፣ እሳቸው በእጅ ያጥቡ ነበር። አባቷ ጋ ደውላ ቁጥራቸውን ጽፋ ሰጠችኝ። ደወልኩ። ሽማግሌው ጮክ ብለው፣ ይዘህ ና፣ አትክፈተው ብቻ አሉ። ሌላ ነገር ሳልጠይቃቸው ስልኩ ተዘጋ።

እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ። ያላለቀ ፊልም ከካሜራ አይወጣም ብዬ አምን ነበር። ከየት እንደሰማሁት አላውቅም፤ ማንም አልነገረኝም፣ ማንንም አልጠየቅኩም። ብቻ አሥራ አንዱ ተነስተው ካላለቁ አኖ ብሄድ ዋጋ የለውም አልኩ። ቀላል ነው፣ አሥራ አንድ ሰው አነሳለሁ። ከዚያ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ የማነሳቸውን አሥራ አንድ ሰዎች ማሰብ ጀመርኩ። ልጄ። እሷ አዲስ አበባ ናት። ከዚያስ? አሰብኩ፣ አሰብኩ። ሻዬ ቀዘቀዘ። ሁለተኛውን ሰው አጣሁት።

ጎረቤቴ አዴ ዲንቂ ትዝ ያሉኝ አጥራቸው ላይ ሲያስነጥሱ ሰምቼ ነው። ጫልቱ ሳለች ቡና የሚጠጡት እኛ ቤት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በአጥሩ ላይ «አካም ቡልተኒ»፣ እንዴት አደሩ እንባባላለን እንጂ አንዳችን ሌላው ቤት ገብተን አናውቅም። ፎቶ ላንሳዎት ስላቸው ልብስ ልቀይር ብለው ገቡ። ፀሐይ ወጥታ ገባች፣ ዶፍ ወረደ፣ አባራ፣ እሳቸው አልወጡም። ሲወጡ የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ አንገታቸውን አቅንተው፣ ላማቸውን በገመድ እየሳቡ ነው። ካነሳኋቸው በኋላ አሳየኝ አሉ። አይታይም፣ ገና ነው አልኳቸው። ካሜራውን ተቀብለው ጀርባውን አዩት፣ በእጃቸው ጠረጉት፣ እንደገና አዩት። እንግዲያው ምን አደረግከኝ ብለው በጥርጣሬ አዩኝና ላማቸውን ይዘው ገቡ።

ይኸው አንድ ሆነ። ሁለተኛው የባጃጅ ሾፌር ነው፤ እሱም አሳየኝ አለ፣ አይታይም ስለው አጥፋው አለኝ። አጥፋው ብሎ ነገር የለውም። እስከ ገበያ ድረስ ስንጨቃጨቅ ሄድን።

ገበያ ላይ በርበሬ የምትሸጥ አንዲት ሴት ለምንድነው የምታነሳኝ ብላ ጠየቀችኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ስላማርሽኝ ይላል፣ ለማስታወሻ ይላል። እኔ ግን ፊልሙ እንዲያልቅልኝ ነው አልኳት። እጇን ወገቧ ላይ አደረገችና ለጎረቤቶቿ በኦሮምኛ አወራችላቸው፤ ሁሉም ዞረው አዩኝ። ከዚያ በአማርኛ፣ እንድሰማው ብላ፣

«እኔ ፊልም ማስጨረሻ ነኝ?» አለች።

ካሜራውን ኪሴ ከተትኩ። በርበሬ ገዝቼ ሄድኩ፤ አሁንም ቤት አለ፣ ብቻዬን ለሚመጣው ዓመት ይበቃኛል።

እንግዲያው የማውቃቸው ሰዎች ጋ ልሂድ ብዬ የድሮ መስመሬን ያዝኩ። በየግቢው እያንኳኳሁ ሰላም እላለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ አልኩ። ጥሩ ሐሳብ መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ቤት ሴትየዋ በሩን ከፍታ እኔንና ካሜራውን ስታይ ወደ ኋላ ሮጠች፤ ስገባ ቆጣሪው ላይ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ደፍታበታለች። ጡረታ ወጥቻለሁ ብላትም አላመነችኝም። ሁለተኛው ቤት ሰውየው ቆጣሪው ፊት ቆሞ ኮቱን በሁለት እጁ ዘረጋው። እሱን አነሳሁት፤ ኮት የዘረጋ ሰው ፎቶ። ሦስተኛው ቤት ከመድረሴ በፊት ወሬው ቀድሞኝ ሄዶ ነበር፣ ቆጣሪ በካሜራ ማስረጃ እየያዘ ነው ተብሎ። በሮቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። እኔን ያስታወሱኝና ጭራቸውን የቆሉልኝ ውሾቹ ናቸው። ሁለቱን ለየብቻ አነሳኋቸው። አሳየን አላሉኝም።

የቀረውን ቤቴ ገብቼ ጨረስኩት። የጫልቱን ወንበር ከሦስት አቅጣጫ ሦስት ጊዜ አነሳሁ። የበረንዳዬን ደረጃ አነሳሁ። ያረረ ድስቴን አነሳሁ። የመጨረሻው ቁጥር ላይ ስደርስ አንድ ሰው ብቻ ልጨምርበት ብዬ ወደ በሩ ሄድኩ፣ መንገዱ ላይ ሰው የለም፣ ዝናብ ብቻ። ጎንበስ ብዬ የገዛ እግሬን አነሳሁ። ሠላሳ ስድስት። እንኳን ደስ አለህ የሚለኝ ሰው ቢኖር ጥሩ ነበር።

በማግስቱ ማልጄ በሚኒባስ አኖ ወረድኩ። ካሜራውን ጡት እንደሚጠባ ሕፃን ብብቴ ሥር ይዤው ነው የሄድኩት። ኦቦ ተሾመ ፎቶውን ትተው ንብ ያነባሉ፤ ከልጃቸው ከኢፍቱ ጋር ይኖራሉ፣ እሷ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ሽማግሌው ካሜራውን ተቀብለው ቁጥሩን አዩና ደስ አላቸው።

«ሁሉንም ጨርሰህ ነዋ የመጣኸው» አሉኝ።

እኔም በኩራት ያየሁትን ፍዳ ሁሉ ተረክኩላቸው፤ ላሟን፣ በርበሬውን፣ ሳፋውን። እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ከዚያ ካሜራውን ገለበጡና ከሥሩ ያለችውን የምስር ፍሬ የምታህል ቁልፍ አሳዩኝ። እሷን ተጭነህ ይቺን ብታዞር ፊልሙ ይጠቀለል ነበር፣ በሃያ አምስትም ቢሆን፣ በሁለትም ቢሆን አሉኝ። እንደ ሐኪም ረጋ ብለው ነው የነገሩኝ። ኢፍቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

ሌላም መርዶ ነበራቸው። የቀለም ፊልም ማጠቢያ መድኃኒት ከቤታቸው ከጠፋ ቆይቷል። የቀረው የጥቁርና ነጭ ነው፤ እሱም አንድ የታሸገ ቆርቆሮ። በእሱ ቢታጠብ ቀለሙ አይወጣም፣ ምስሉ ግን ይወጣ ይሆናል። ፊልሙም አርጅቷል፤ በሙቀትና በእርጥበት ሳጥን ውስጥ ሲቀመጥ የተነሳው ነገር ቀስ በቀስ ይጠፋል፣ ተስፋ አታብዛ አሉኝ። ምን ዓይነት ልብስ ለብሳ ነበር ብለው ጠየቁኝ። አላስታወስኩም። እንግዲያው ቀለሙ ቀረብኝ አትበል አሉ።

የማር ዕቃ ማስቀመጫ ክፍላቸውን በብርድ ልብስ አጨለሙና ገቡ። እኔና ኢፍቱ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ከውስጥ የውሃ ድምፅ ይሰማል፣ የሽማግሌው ሳል ይሰማል። ስለ ጫልቱ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረች ጠየቀችኝ። ጥሩ ነበረች አልኳት። ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ጠይቆኝ አያውቅምና ምላሴ ልምዱን አጥቷል።

ፊልሙ ወጥቶ ልብስ ማስጫ ላይ ተሰቀለ።  ቡናማ፣ ደብዛዛ፣ የተቃጠለ ቆዳ የመሰለ ነገር ነው። ሽማግሌው በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግተው መነጽራቸውን አድርገው ሲያዩት ቆዩና የመጨረሻዎቹ ጥሩ ናቸው አሉ። የመጨረሻዎቹ ማለት የእኔዎቹ ናቸው። ድስቱ ጥርት ብሎ ወጥቷል። ኮት የዘረጋው ሰውዬ ወጥቷል። ውሾቹ፣ እግሬ፣ ሁሉም። ከጊምቢው ጉዞ ግን አብዛኛው ጭጋግ ሆኗል። ጥቂቶቹ ላይ ነገር ነገር ይላል፣ ምን እንደሆነ ግን በዚህ ዓይነት አይለይም፤ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው።

ኢፍቱ ስልኬን ተቀበለችኝ። ስልኩ ውስጥ ቀለም የሚገለብጥ ነገር እንዳለ እኔ አላውቅም ነበር፤ እሷ ነካክታ አወጣችው። የስልኩን ካሜራ ከፊልሙ ፊት ስታደርገው ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆነ። ሁሉም ነገር ሰማያዊ ነው፣ ከውሃ ሥር የተነሳ ይመስላል። የመጀመሪያው ላይ አንድ ሰው መንገድ ለመንገድ ይሄዳል፣ ከጀርባው። ቀጣዩም ያው ሰውዬ ነው፣ ከጀርባው፤ የሠርግ ድንኳን ውስጥ እየገባ። አንዱን አለፍነው፣ ጭጋግ ነው። የሚቀጥለው ላይ ዳገት ይወጣል፣ አሁንም ከጀርባው፣ ከፊት የሚቀድመው ያለ ይመስል እየተጣደፈ።

«እኚህ ሰውዬ ማን ናቸው?» አለች ኢፍቱ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«ፊትዎስ?»

 ቆጣሪ አንባቢ በፍጥነት ነው የሚሄደው፤ ልማዴ ነው፤ ከጫልቱ ጋርም ስንሄድ እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ነበርን። ቆም በል ትለኝ እንደነበር ትዝ ይለኛል። እየሄድኩ እሺ እላት ነበር። ለካ የማይዞርላትን ሰው እንዲያው ከኋላ ታነሳው ነበር።

ከዚያ የእኔዋ ፎቶ መጣች። አውቄያታለሁ፤ ከኋላዋ መኪናው በክሪክ ተነስቶ ይታያል። ከፎቶው ግማሽ ገደማው ጨልሟል፣ ወፍራም ነገር ከጎን ገብቶበታል። ኢፍቱ ይሄ ምንድነው አለች፤ ኦቦ ተሾመ ዞር ብለው አዩና ጣት ነው አሉ፣ የአንሺው ጣት ነው። በቀረው ግማሽ ላይ ጫልቱ ቆማለች። አትስቅም። ጥርሷ በሙሉ ይታያል፣ እውነቴን ነበር፤ ግን የሚታየው እየጮኸች ስለሆነ ነው። አንድ እጇን ወደ እኔ ዘርግታለች፣ ቅንድቧ ተሰብስቧል፣ አፏ ተከፍቷል። አንዲት ቃል ልትል ስትል ነው የያዝኳት።

ምን እያለችኝ እንደሆነ ያን ጊዜ ሰማሁት። የምሬን ነው የምላችሁ። እንግዳ ፊት በአማርኛ፣ ስትቆጣ በኦሮምኛ ነበር የምታናግረኝ።

«ቁባ ኬ ካሲ» ነው የምትለኝ። ጣትህን አንሳ።

ጣቴን አላነሳሁም። ተጫንኩት። ከዚያ ሳቀች፤ ካሜራውን ነጥቃኝ፣ እንዳንተ ያለ ሰው አላየሁም ብላ፣ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ሳቁስ እውነት ነበር። ከፎቶው በኋላ ነው እንጂ።

እንባዬ መጣ። ሽማግሌው አይተው እንዳላየ ሆኑና ንቦቹን ላያቸው ብለው ወጡ። ኢፍቱ ፎቶዋን ስልኬ ላይ አስቀረችልኝ። የሌሎቹንም አንድ በአንድ አንስታ አስቀመጠችልኝ፣ አዴ ዲንቂን ከነላማቸው ሳይቀር። ፊልሙን ጠቅልላ በወረቀት ሰጠችኝ። እጇን ስጨብጥ ሌላ ጊዜ ይምጡ አለችኝ፤ እመጣለሁ አልኩ፤ እንደማልመጣ ሁለታችንም እናውቃለን።

የመልስ ሚኒባስ ላይ መስኮት ጥግ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ዶሮ የያዘ ሰውዬ ነው፤ ስሙን አልጠየቅኩትም። ስልኬን አወጣሁና ፎቶዋን ከፈትኩ። ሰውዬው አንገቱን ሰገግ አድርጎ አየና ማን ናት አለኝ። ባለቤቴ ናት አልኩት።

«ምን እያለችህ ነው?» አለኝ።

ጣትህን አንሳ እያለችኝ ነው አልኩት። ሳቀ። የእሱን ሳቅ ስሰማ አንድ ነገር አፌ ላይ ተፈታ። የፊልሙን ነገር ነገርኩት፤ ባለሱቁ የመጨረሻዋ ናት እንዳለ፣ እሷ እንዴት እንደቀማችው። ከዚያ ጉቶ ጊዳ እናቷ ቤት መጀመሪያ ያየኋት ቀን ምን እያደረገች እንደነበር ነገርኩት። ዝናብ ሲመጣ ልብስ ሳይሆን መጀመሪያ ጫማዬን ከደጅ ታስገባ እንደነበር። ሬዲዮ ስትሰማ ከዜና አንባቢው ጋር ትጨቃጨቅ እንደነበር። ሐኪም ቤት ተኝታ ሳለች እኔን ብላ ብላ ትለኝ እንደነበር፣ ራሷ ሳትበላ። ሰውዬው ራሱን ይነቀንቃል፣ ኤዬ ኤዬ፣ አዎ አዎ ይለኛል። ስሬ ከተማ ስንደርስ ራሱ ዘመም አለ። ዶሮውን አቅፎ፣ አፉን ከፍቶ፣ ጭልጥ ብሎ ተኛ።

እኔ ግን አላቆምኩም። ነቀምት እስክንገባ ድረስ ነገርኩት።